የቋራ ቀትርና የጎንደር ቀለም

በሚያዝያ አጋማሽ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ በቋራ ቆላ በምትገኘው በገለጉ አናት ላይ ትቆማለች፤ በዚያች ሰዓት በገበያው መካከል የቆመ ሰው ጥላውን ቢፈልግ ከጫማው ሥር በቀር አያገኘውም፣ የጎጆው ክዳንም የሚያጠላው ከገዛ ግድግዳው ሳይርቅ ይቀራል፣ ግመሉና አህያውም ጥላቸውን ከሆዳቸው በታች ሰብስበው ይታያሉ። ምክንያቱ ገለጉ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ ገደማ ላይ መገኘቷ ነው፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትወጣና ወደ ደቡብ ስትመለስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በሚያዝያ አንድ ጊዜም በነሐሴ አጋማሽ፣ በቀጥታ በላይዋ ታልፋለች፤ የነሐሴው ማለፍ ግን በክረምቱ ደመና ስለሚጋረድ፣ የቆላው ሰው ጥላ የለሹን ቀትር በሙሉ ግርማው የሚያየው በሚያዝያው ነው።

ይህ ሰዓት ለገበሬው የዕረፍት፣ ለሠዓሊው ግን የፈተና ሰዓት ነው። ከአውሮፓ የመጣው የሥዕል ትምህርት ለተማሪው አስቀድሞ የሚሰጠው ትእዛዝ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ወስን፣ በዚያ ወገን ያለውን አድምቅ፣ በተቃራኒው ያለውን አጨልም፣ ጥላውንም በምድር ላይ ጣለው የሚል ነው፤ ክቡ ነገር ክብነቱን፣ ሩቁ ነገር ርቀቱን የሚያስታውቀው በዚህ የብርሃንና የጽልመት ክፍፍል ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ጥላ ሲጠፋ ሥዕሉም አካል እንዳጣ ይቆጠራል። እንግዲህ ጥላ በሌለበት አገርና ሰዓት የሚኖረውን ባላገር፣ ከነእርሻው፣ ከነከብቱና ከነቤቱ፣ በምን ብልሃት ይሥሉታል? የዚህን ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወደ ፓሪስ መሻገር አያስፈልግም፤ መንገዱ ከገለጉ ተነሥቶ፣ ቆላውን ለቅቆ ደጋውን ወጥቶ፣ ወደ ጎንደር የሚወስደው ነው።

ገለጉ ዛሬ የቋራ ወረዳ ከተማ ናት፤ የቋራም ስም በተነሣ ቍጥር በሰው አፍ ላይ የሚመጣው ዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ይሁን እንጂ በልጅነት ስሙ ካሳ ኃይሉ የተባለው ይህ ንጉሥ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድማ ከዚያው ከቋራ ወገን የተወለደች፣ የዐፄ በካፋ ሚስት የዳግማዊ ኢያሱም እናት የሆነች፣ ባሏ እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፈ በኋላ ዘውድ ጭና በልጇ ዘመን መንግሥቱን የመራች፣ በመንግሥት ስሟም ብርሃን ሞገሳ የተባለች አንዲት ሴት ነበረች፤ እቴጌ ምንትዋብ። (የያኔዋ ቋራ ከዛሬው ወረዳ ወሰን በእጅጉ የሰፋች እንደ ነበረች አንባቢ ያስታውስልኝ።) እቴጌይቱ ከጎንደር በላይ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን፣ በጣና በደቅ ደሴት ላይ ደግሞ ናርጋ ሥላሴን አሠርታ፣ ሠዓልያንን በአደባባይዋና በአብያተ ክርስቲያኗ ሰብስባ ስላሠራች፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚሉት መንገድ ከእርሷ ዘመንና ከእርሷ ለጋስነት ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ይህ አሣሣል ምን አዲስ ነገር እንዳመጣ ለመረዳት ከእርሱ የቀደመውን ማየት ያሻል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሠለጠነው የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ቀለሙ ንጹሕና ያልተቀላቀለ፣ መስመሩ ቀጥ ያለና የማያመነታ ነበረ፤ ቀዩ ቀይ፣ ቢጫው ቢጫ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ ሆኖ፣ አንዱ ከሌላው በጥቁር መስመር ተለይቶ ይቀመጣል፤ ከቅዱሳኑ በስተጀርባ ያለው ሜዳ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ሁለተኛው አሣሣል ግን ያንን ባዶ ሜዳ በቀለም ሞላው፤ ከላይ ቢጫ ሆኖ የጀመረው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ እየጠለቀ ይወርዳል፤ ፊቱና እጁም በቀላ ቡናማ ቀለም ቀስ በቀስ እየጠቈረ እንዲሄድ ስለሚደረግ፣ ጉንጩ ይሞላል፣ አንገቱም ይከብባል።

ነገሩ የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው፤ ጉንጩ ሞልቶ ሳለ፣ አንገቱም ከብቦ ሳለ፣ በመሬት ላይ የወደቀ ጥላ የለም። ሠዓሊው ማጥቆርን ያውቃል፤ ነገር ግን ያጠቈረው ፀሐይ በስተግራ ወይም በስተቀኝ ስለ ቆመች ሳይሆን፣ የአካሉ ጠርዝ ወደ ኋላ ስለሚዞር ብቻ ነው። ብርሃኑ ከመስኮት አልገባም፣ ከሰማይ አንድ ማእዘን አልወረደም፤ ከነገሩ ከራሱ ውስጥ የወጣ ይመስላል። ቢጫው ሜዳ ፀሐይ ሳይኖረው ያበራል፣ ቀዩ ካባ ያለ መብራት ይነድዳል። የቋራ ቀትር ይህን አሣሣል ወለደው ብዬ አልከራከርም፤ ምክንያቱ ከአየር ጠባይ ይልቅ ከሃይማኖት የሚመነጭ ይመስለኛል፤ የማይጠልቅ ብርሃን የተሞሉ ቅዱሳን የሚሣሉበት ሰሌዳ ላይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚዞር ጥላ ምን ሥራ አለው? ሆኖም ሁለቱ፣ የቆላው ቀትርና የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል፣ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጥላን ገለል አድርገው ቀለሙን ብቻውን ያናግሩታል።

የጎንደር ሠዓልያን የውጭውን ጥበብ ሳያዩ ቀርተው አይደለም እንዲህ የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1591 በሮም የታተመ፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ በተባለ ሰው ሥዕሎች ያጌጠ የዐረብኛ ወንጌል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ብዙ የብራና ሥዕሎች በእርሱ አርኣያ ተሠርተዋል። የዚያ መጽሐፍ ሥዕሎች በእንጨት ተቀርጸው በጥቁር ቀለም የታተሙ ስለ ነበሩ፣ ጥላው ሁሉ በተጠጋጉ ጭረቶች የተመለከተ ነው፤ ቀለም ግን የላቸውም። ጎንደሬው ሠዓሊ የሰዎቹን አቋም፣ የእጃቸውን ምልክት፣ የሕዝቡን አሰላለፍ ተቀበለና ጭረቱን ጣለው፤ በጭረቱ ፈንታም ቀይና ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አኖረ። ቀለሙ እንግዲህ ከማንም ያልተበደረው የገዛ ፍርዱ ነው። ኢትዮጵያዊውን ሥዕል «ጥላ መጣል ያልተማረ» እያሉ የሚያቃልሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡ መልካም ነበር፤ ጥላው በእጁ ላይ ነበረና፣ አይቶ ተወው።

የባላገሩ ኑሮ ወደዚህ የተቀደሰ ሰሌዳ የገባው ደግሞ በተአምረ ማርያም በር በኩል ነው። ወንጌሉና ገድሉ የንጉሥና የሰማዕት ታሪክ ሲሆን፣ ተአምሩ ግን የነጋዴ፣ የሌባ፣ የታመመ ሕፃን፣ የደከመች እናት ታሪክ ስለ ሆነ፣ ሠዓሊው ሳይወድ በግድ ዕቃና ቤት፣ ማዕድና ከብት መሣል ነበረበት። በላዔ ሰብእ ለተጠማው ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ ለማሳየት የውኃውን መያዣ መሣል ግድ ነው፤ ሠዓሊውም የሚያውቀው መያዣ የገዛ አገሩን ነው። በዚህ መንገድ ቅሉና እንስራው፣ ጋሻውና ጦሩ፣ አልጋውና ምንጣፉ ከቅዱሳኑ ጋር በአንድ ቢጫ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ብርሃን ውስጥ ቆሙ፤ ለእንስራው ከመልአኩ ያነሰ ብርሃን አልተመደበለትም።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓልያን በሸራ ላይ ዓለማዊውን ነገር፣ የዐድዋን ጦርነት፣ የንግሥተ ሳባን ጉዞ፣ ግብሩንና አደኑን ለሚገዛቸው ሰው መሣል በጀመሩ ጊዜ፣ ከጉዳዮቹ አንዱ እርሻው ሆነ፤ የዚህ ዓይነቱም ሥዕል በእነርሱ ተከታዮች እጅ እስከ ዛሬ ይሠራል። ቀርበን እንየው። ሁለት በሬዎች ተጠምደዋል፣ አንዱ ቀይ ሁለተኛው ዳለቻ፤ ሠዓሊው ሁለቱንም አንድ ቀለም ያላደረጋቸው እንዲያው ለጌጥ ሳይሆን፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ ስለሚቆም በጥላ መለየት ያልፈለገውን በቀለም ለመለየት ነው። የኋለኛው በሬ ቀንድ ከፊተኛው ጀርባ በላይ ብቅ ብሎ በቢጫው ሰማይ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ገበሬው ነጭ ለብሷል፤ ነጩ ልብስ ግን በነጭ ብቻ አልተሠራም፣ እጥፋቱ በስስ ሰማያዊ ወይም በግራጫ መስመር ተሰምሮ፣ መስመሮቹ ከትከሻው ተነሥተው ወደ ወገቡ ይወርዳሉ። ሞፈሩና ቀንበሩ ቡናማ፣ ትልሙ ጥቁርና ቀይ ተፈራርቆ የተዘረጋ ነው። የሩቁ ኮረብታ ከቅርቡ ማሳ ይልቅ አልደበዘዘም፤ ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ ብቻ ሩቅ መሆኑን እናውቃለን። የገበሬው ዓይን ትልቅና ክፍት ነው፤ እንደ ቅዱሳኑ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፤ ክፉዎች በአንድ ዓይን በጎን በሚሣሉበት በዚህ ባህል ለአራሹ ሁለት ዓይን መስጠት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ጋር እናነጻጽረው ዘንድ ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ሚሌ እ.ኤ.አ. በ1857 የሣለውን፣ ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ቤተ መዘክር የሚገኘውን «ቃራሚዎቹን» እናንሣ። ሚሌ ራሱ የገበሬ ልጅ ነበረ። ሦስት ድኾች ሴቶች ጎንበስ ብለው ከታጨደ ማሳ ላይ ቃርሚያ ይለቅማሉ፤ መጽሐፈ ሩትን ለሚያነብ ሁሉ የታወቀ ታሪክ ነው። በሩቅ፣ ክምሩ፣ ጋሪውና አጫጆቹ በወርቅማ ብርሃን ታጥበዋል፤ የባለጸጋው ተቈጣጣሪም በፈረስ ላይ ሆኖ ከዚያው ይታያል። ሴቶቹ ያሉበት የቅርቡ ምድር ግን ጠቈር ብሏል፣ ፊታቸውም በጥላ ውስጥ ነው፤ በራሳቸው ላይ ካሰሩት ሻሽ ሰማያዊውና ቀዩ ብቻ ጎላ ይላሉ። ሚሌ ስለ ድኽነት አንድ ቃል ሳይጽፍ፣ ብርሃኑን ለሀብታሙ ክምር፣ ጥላውን ለቃራሚዎቹ በማከፋፈል የሚፈልገውን ሁሉ ተናግሯል። ይህን በጎንደር መንገድ ማድረግ አይቻልም፤ እዚያ ብርሃን ለሁሉ እኩል ነውና። እያንዳንዱ አሣሣል አንድ ነገር እንዲናገር ሌላውን ይተዋል፤ የኛው ሥዕል የአራሹን ክብር ይናገራል፣ ድካሙን ግን አይናገርም፤ የሚሌ ሥዕል ድካሙን ይናገራል፣ የቃራሚዎቹን ፊት ግን ከእኛ ይሰውራል። ለእኔ ሁለተኛው ኪሳራ ከፊተኛው ይከብደኛል፤ ሌላ ሰው ሌላ ቢል አልጣላውም።

አሁን ወደ ቆላው እንመለስ፤ ገለጉ ዓመቱን ሙሉ ሚያዝያ አይደለችምና። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ በጥቁር መረሬ አፈር ላይ የተዘራው ሰሊጥ ነጭና ሐመር ሮዝ አበባ አብቦ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ይታጨዳል፤ ቆቡ በማሳው ላይ ከተከፈተ ፍሬው ስለሚረግፍ መዘግየት የለም። ነዶው ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ይህን ክምር የአገሩ ሰው ሂላ ይለዋል። በዚያ ወቅት ክረምቱ አየሩን አጥቦት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል፤ ፀሐይም ወደ ደቡብ ዘንበል ስላለች በቀትርም ጥላ አይጠፋም፣ በማለዳና በሠርክ ደግሞ የያንዳንዱ ሂላ ጥላ በጥቁሩ ምድር ላይ ረዝሞ ይተኛል። ያን ጊዜ የጎንደር መንገድ ብቻውን አይበቃም፤ ጥላው የማሳው ግማሽ ሆኗልና።

ይህን ዓይነት ጉዳይ ጠለቅ ብሎ የመረመረው ክሎድ ሞኔ ነው። ሞኔ እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1891 በመኖሪያው በዢቬርኒ አጠገብ የቆሙትን የስንዴ ክምሮች በጠዋት፣ በምሽት፣ በበረዶና በአመዳይ እየለየ በ25 ገደማ ሸራዎች ላይ ሣላቸው፤ ክምሩ ያው ሲሆን የተለወጠው ብርሃኑ ብቻ ነው። ከዚያ ሥራ የሚማሩት ዋናው ነገር ጥላ ጥቁር አለመሆኑ ነው፤ የፀሐይዋ ቀጥተኛ ጨረር በክምሩ ሲታገድ፣ ወደ ጥላው የሚደርሰው የሰማዩ ብርሃን ስለ ሆነ፣ ሰማዩ ሰማያዊ በሆነበት ቀን ጥላውም ወደ ሰማያዊና ወደ ሐምራዊ ይስባል። በጥቅምት ገለጉ ላይ የሚቆም ሠዓሊ ይህን በቢጫው ገለባ ሥር ያገኘዋል። በየካቲትና በመጋቢት ግን ያው ሠዓሊ ተመልሶ ቢመጣ ሰማያዊውን ጥላ ያጣዋል፤ ሣሩ ተቃጥሎ፣ አቧራውና ጢሱ አየሩን ሞልቶት፣ ሰማዩ ነጭ ስለሚሆን ጥላው ወደ ግራጫና ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ በአላጥሽ ፓርክ በኩል ያለው ሩቅ ዛፍ ሁሉ ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል። እንግዲህ ቆላው ለሠዓሊው አንድ ብርሃን አልሰጠውም፤ በጥቅምት የሞኔን፣ በሚያዝያ ቀትር የምንትዋብን ሠዓልያን፣ በመካከሉም የማንንም ያልሆነ አቧራማ ነጭ ሰጠው።

ቆላው ለሥዕል የሚሰጠው ብርሃንን ብቻ አይደለም፤ የሙጫ ግራርና የዕጣን ዛፍ አገር ነው። በውኃ የሚበጠበጠው ቀለም በወረቀት ላይ ተጣብቆ የሚቀረው በግራር ሙጫ ነው፤ ደብተራውም የብራናውን ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ሲያዘጋጅ ይህንኑ ሙጫ ያገባበታል። የዕጣኑ ዛፍ ደግሞ ራሱ መሣል የሚገባው ነገር ነው፤ በበጋ ቅጠሉን አርግፎ ይቆማል፣ ልጡ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ እየተላጠ ይንጠለጠላል፣ በተቈረጠበት ቦታ የሚንጠባጠበው ወተት መሰል ፈሳሽ ቀስ በቀስ ደርቆ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ዝቅ ያለችው ፀሐይ ከጀርባው ስትመታው የተላጠው ልጥ ብርሃኑን ስለሚያሳልፍ ግንዱ በዙሪያው ብርቱካናማ ጠርዝ ያወጣል።

እንዲህ ያለ አገር ሆኖ ሳለ ቆላው በሥዕላችን ውስጥ የሚታወቀው በአብዛኛው በጦርነት ነው። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከድርቡሽ ጋር ተዋግተው ስለ ወደቁ፣ መተማ ለባህላዊው ሠዓሊ ሰይፍና ጠመንጃ፣ ፈረስና ባንዲራ ሆነች፤ በዚያች ምድር የሚዘራና የሚያጭድ ሰው መኖሩ ተረሳ። ዘመናዊው ትምህርትም ይህን ብዙ አላቀናውም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ጎበዝ ሠዓልያንን አወጣ፤ አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍነው ባለቀለም መስታወት፣ ብርሃኑ በሥዕሉ ላይ ከመውደቅ ይልቅ በሥዕሉ ውስጥ እንዲያልፍ አደረገ፤ የገጠር ኑሮ ሲሣል ግን ደጋው የገጠሩ ሁሉ ምሳሌ ተደርጎ፣ አረንጓዴው መስክ፣ የአደይ አበባው ቢጫ፣ የጋቢው ነጭ፣ የሩቁ ተራራ ሰማያዊ ደጋግመው ተመለሱ። የእነዚህ ውበት አይካድም፤ የሚያሳዝነው ብቸኛ መሆናቸው ነው። የቀይ ማሽላ ራስ በጥቁር አፈር ላይ፣ በኅዳር የሚፈነዳው ጥጥ በደረቀ ቡናማ ቅጠሉ መካከል፣ በተዘረጋ ሸራ ላይ የሚራገፈው ነጭ ሰሊጥ ገና ሠዓሊያቸውን ይጠብቃሉ።

አንዳንድ ሰው ቆላውን ለመሣል የሚቸገረው በልብሱ ነው። በመተማና በገለጉ ገበያ ከሱዳን የሚመጣው ቶብ፣ ብርቱካናማውና ሮዙ፣ ወይን ጠጁና ብሩህ አረንጓዴው፣ ከሀገር ልብሱ ነጭ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ የጉሙዝ ሴቶችም በዶቃቸውና በጨርቃቸው ሌላ ኅብር ይጨምሩበታል፤ በሚያዝያ ቀትር ጥላ የማያጠቁረው ይህ ቀለም ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ይህን ያየ ሠዓሊ፣ «ይህ የኢትዮጵያ ባላገር ቀለም አይደለም፣ ከውጭ የመጣ ነው» ብሎ ነጩን ብቻ መርጦ ይሥል ይሆናል። እንዲህ የሚያስበው ሰው በምንትዋብ ዘመን የተሣሉትን የእመቤታችንን ሥዕሎች ቀርቦ ቢመለከት፣ ካባዋ በአበባና በሐረግ የተጥለቀለቀ፣ ባሕር ተሻግሮ በነጋዴ እጅ የመጣ የከበረ ጨርቅ ሆኖ ያገኘዋል፤ የጎንደሩ ሠዓሊ ያንን ጨርቅ በቤተ መንግሥት ሲለበስ አየ፣ አበባውን አንድ በአንድ ቈጥሮ ሣለው፣ ከየት መጣህ ብሎም አልጠየቀውም።